በነሐሴ ሙቀት ሚኒሶታ ሐይቅ ዳር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አገር ቤት ነሐሴ የጭቃና የጉም ወር ነው። ሚኒሶታ ላይ ግን የበጋው ፀሐይ ገና አልበረደም፤ ሐይቁ ሞቋል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሊገቡ ጥቂት ቀናት ቀርቷቸዋል። ስፋታቸው ከ10 ኤከር የማያንሱት ብቻ ቢቆጠሩ በዚህ ግዛት 11 ሺህ 842 ሐይቆች አሉ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር ኢትዮጵያውያንም ቅዳሜ ሲደርስ መንጠቆና ምሳ ይዘን ወደ ውኃ ዳር እንወጣለን። ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ ስለ ዓሣ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በየዓመቱ የሚደጋገሙ ስህተቶችም እሰማለሁ፤ አንዳንዱ ቅጣት ያመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሐይቁን ራሱን ይጎዳል።

«ዜጋ ካልሆንኩ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ አላገኝም»

ዜግነት የሚጠይቅ የለም። በግዛቱ 60 ተከታታይ ቀናት የኖረ ሰው በነዋሪ ዋጋ ፈቃድ ያወጣል። ከ16 ዓመት በታች ያሉ የነዋሪ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ የቁጥርና የመጠን ገደቡ ግን እነርሱንም ይመለከታል። በተለይ ልብ ማለት የሚገባው ዓመታዊው ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ነው። በመስከረም ቢወጣም በጥር ቢወጣም በፌብሩዋሪ መጨረሻ ጊዜው ያልፋል። ባለፈው መስከረም የተገዛ ፈቃድ «ዓመት አልሞላውም» ተብሎ በነሐሴ ቢቀርብ ዋጋ የለውም።

«ገደቡ የቀን ነው፤ ነገ ተመልሼ መጥቼ እሞላለሁ»

ብዙ ጨዋ ሰዎችን ሳያውቁ ጥፋተኛ የሚያደርገው ይህ ነው። አንድ ወዳጄ የልጁን ክርስትና በዓሣ ሊደግስ አስቦ ሦስት ቅዳሜ የያዘውን ሁሉ በፍሪዘር ማጠራቀም ጀምሮ ነበር። ቅን ሐሳብ ነው፤ በሕጉ ግን አይቻልም። በሚኒሶታ ለአብዛኞቹ የዓሣ ዓይነቶች ገደቡ የሚቆጠረው በእጅ ባለው ሁሉ ላይ ነው፤ በጀልባ፣ በመኪናና በቤት ፍሪዘር ያለው አንድ ላይ ይደመራል። ክራፒ የሚባለውን ዓሣ እንውሰድ፤ ገደቡ 10 ነው። ቅዳሜ 10 ክራፒ ፍሪዘር ያስገባ ሰው፣ ከዚያ ውስጥ እስካልተበላ ድረስ እሑድ አንድ እንኳን መጨመር አይችልም። ከዚህ ለየት የሚለው ፐርች የሚባለው ዓሣ ነው፤ በቀን 20፣ በጠቅላላው እስከ 40 መያዝ ይፈቀዳል። ልዩ የመጠን ደንብ ባለበት ሐይቅ ላይ ደግሞ ዓሣውን እዚያው መቆራረጥ ክልክል ነው። ተቆጣጣሪው ርዝመቱን መለካት እንዲችል ከነራሱና ከነጅራቱ መቆየት አለበት።

«ሦስት ዘንግ ብተክል ማን ይከለክለኛል?»

ሕጉ ይከለክላል። ከድንበር ውኃዎችና ከጥቂት ልዩ ስፍራዎች በቀር፣ በረዶ በሌለበት ወቅት ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ክር ብቻ ነው።

«ሲሞቅ ዓሣው ሁሉ ወደ ጥልቁ ይወርዳል»

ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ሰውን ሙሉ ቀን ባዶ ውኃ ላይ ያስቀምጣል። በበጋው ማብቂያ ጥልቅ ሐይቅ በሁለት ንብርብር ይከፈላል፦ ከላይ ሞቃትና ቀላል ውኃ፣ ከታች ቀዝቃዛና ከባድ ውኃ። ሁለቱ እስከ መኸር አይቀላቀሉም። ከማሳና ከከተማ የሚታጠብ ማዳበሪያ በሚገባበት ሐይቅ፣ ወደ ታች የሚሰምጠው አልጌ ሲበሰብስ የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣ እዚያ አይተነፍስም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሐይቅ ዓሣው ሁለቱ ንብርብሮች ከሚገናኙበት መስመር በላይ፣ ወይም የውኃ ሣር ጥላ ሥር ይገኛል። የታችኛው ውኃ ኦክስጅን የሚጠብቀው ጥርት ባሉትና ጥልቅ በሆኑት የሰሜን ሐይቆች ነው።

በነሐሴ በውኃው ላይ ተንሳፍፈው የሚታዩት ብርማ ዓሦችም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። ቱሊቢ ይባላሉ፤ ቀዝቃዛም ኦክስጅን ያለውም ውኃ ይፈልጋሉ። ከላይ ሙቀቱ፣ ከታች የኦክስጅን ማነስ ሲያጣብቃቸው ይሞታሉ። ሰዎች ሲያዩአቸው «ሐይቁ ተመርዟል» ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የገደላቸው ሙቀቱ ነው። ሚኒሶታዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ዋልአይ ደግሞ ዓይኑ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በጨለማ በደንብ ያያል። በነሐሴ ቀትር ላይ ከመጠበቅ ፀሐይ ስትጠልቅ መውጣት ይሻላል።

«መልሼ ከለቀቅሁት ምንም አልጎዳሁም»

ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ታግሎ የደከመ ዓሣ በዚህ ውኃ ተመልሶ ለመጠንከር ይቸገራል፤ ዋኝቶ ሄዶ ከዓይን ከራቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። በሚል ላክስ ሐይቅ በአንዳንድ ዓመታት በሐምሌ ዋልአይ ማጥመድ ጨርሶ የተዘጋው፣ ተለቅቀው የሚሞቱትን ለመቀነስ ነበር። ከ30 ጫማ በላይ ከሚጠልቅ ውኃ የተሳበ ዓሣ ደግሞ በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ስለሚነፋ መጥለቅ ያቅተዋል። የሚበላውን ይዞ ማቆም፣ ለመልቀቅ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከማጥመድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

«ትንሹን መልስ፣ ትልቁን ውሰድ»

ከአባቶቻችን የወረስነው ጥሩ ልማድ ነው። ኖርዘርን ፓይክ ለሚባለው ዓሣ ግን ሕጉ እንደ አካባቢው ይለያያል። ከ2018 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ግዛቱ በሦስት ቀጠና ተከፍሏል። በደቡብ ከ24 ኢንች ያነሰው ይለቀቃል። በሰሜን ምሥራቅ ከ30 እስከ 40 ኢንች ያለው ይለቀቃል። በሰፊው የሰሜን መካከለኛ ቀጠና ግን ትንንሽ ፓይክ ሐይቆቹን ስላጥለቀለቀ 10 መውሰድ ይፈቀዳል፤ ከ22 እስከ 26 ኢንች ያለው ሁሉ ይለቀቃል፣ ከ26 በላይ ከሁለት አይበልጥም። እዚያ ትንሹን መውሰድ ሐይቁን ማገዝ ነው።

ለገበታም ቢሆን ትንሹ ይመረጣል። ሌሎች ዓሦችን እየበላ ያረጀ ትልቅ ዓሣ በሥጋው ውስጥ ሜርኩሪ ያከማቻል፤ ጠብሶም ቀቅሎም ማስወጣት አይቻልም። ነፍሰ ጡር እናቶችና ልጆች ያሉበት ቤት ይህን እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ።

«የኦጂብዌ ሰዎች ሕግ ጥሰው በመረብ ያጠምዳሉ»

ይህን ወሬ ከሌሎች ሰምተን ባንደግመው መልካም ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው ኦጂብዌ በ1837 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ውል መሬቱን ሲያስረክብ፣ በዚያው መሬት ላይ የማደን፣ ዓሣ የማጥመድና የዱር ሩዝ የመሰብሰብ መብቱን አስቀርቷል። ግዛቱ ተከራክሮ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1999 በ5 ለ4 ድምፅ መብቱ ጸና። ሬድ ሌክ በሚባለው ሐይቅ ደግሞ ዋልአይ በ1990ዎቹ ተመናምኖ ነበር። የዚያ አካባቢ የኦጂብዌ ነገድና ግዛቱ ማጥመድ አቁመው፣ ጫጩት ዓሣ ለቅቀው፣ ሐይቁ አገግሞ በ2006 ለዋልአይ ተከፈተ።

«የተረፈው ትል መሬቱን ያለማል»

ገበሬ ያሳደገን ሰዎች ይህን ማመናችን አያስደንቅም፤ ለእኛ ትል ያለበት አፈር የተባረከ አፈር ነው። የሚኒሶታ ጫካ ግን በጥንቱ የበረዶ ግግር ሥር ከቆየ በኋላ ያለ ምድር ትል ያደገ ነው። ዛሬ የሚገኙት ትሎች ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ችግኝና አበባ የሚያቅፈውን የቅጠል ምንጣፍ በልተው መሬቱን ራቁቱን ያስቀሩታል። ስለዚህ ትል መሬት ላይም ውኃ ውስጥም መጣል ክልክል ነው። የሐይቅ ውኃ በባልዲም በጀልባም ይዞ መሄድ አይቻልም፤ የጀልባው ማፍሰሻ ውታፍ ተነቅሎ ነው መንገድ የሚጀመረው። በ1989 በዱሉዝ ወደብ የተገኘው ዜብራ መስል የሚባለው ባለ ሁለት ዛጎል ትንሽ የውኃ እንስሳ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐይቆች ገብቷል። የትሉን ዕቃ ክዳኑን ገጥሞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መክተት፣ ወይም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት ይበቃል።