የአእምሮ ስሌት ምንድን ነው?

ነገሩን በደንብ ያስተዋልኩት ሰፈራችን ካለው ጉሊት ሽንኩርት ስገዛ ነው። ኪሎው 65 ብር ነበር። ሦስት ኪሎ አልኳት። ሻጯ እየመረጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሦስት ስድሳ፣ መቶ ሰማንያ። ሦስት አምስት፣ አሥራ አምስት። መቶ ዘጠና አምስት» አለች። ከሰጠኋት ሁለት መቶ ብር ላይ አምስት ብር መለሰችልኝ። ስልክ የለ፣ ወረቀት የለ።

የአእምሮ ስሌት ማለት ይሄው ነው። ያለ እስክሪብቶና ያለ ካልኩሌተር፣ በጭንቅላት ብቻ ማስላት። ግን ሴትዮዋ ያደረገችውን ልብ በሉ። 65 በሦስት ስንት እንደሆነ በቃሏ ይዛ አልነበረም። ቁጥሩን 60 እና 5 ብላ ከፈለችው፣ ለየብቻ አባዛችው፣ መልሳ ደመረችው። የጀመረችውም ከትልቁ ነው። ደብተር ላይ ስንሠራ ከአንድ ቤት ተነስተን፣ «አምስት ጽፌ አንድ በእጄ» እያልን ወደ ግራ እንሄዳለን። በጭንቅላት ሲሆን ከትልቁ መነሳት ይቀላል። መሀል ላይ ብናቆም እንኳ ለመልሱ የቀረበ ቁጥር ይዘናል።

ስለዚህ የአእምሮ ስሌትና ሽምደዳ አንድ አይደሉም። የማባዣ ሠንጠረዥን በቃል መያዝ ያግዛል፤ እኔም አልቃወመውም። ግን አንድ ልጅ «ሰባት ስምንት?» ሲሉት 56 ብሎ፣ «ሰባት አሥራ ስምንት?» ሲሉት ዝም ካለ፣ ቁጥሮቹን የያዛቸው እንደ መዝሙር ነው። የለመደ ልጅ «ሰባት ሃያ 140፤ ሁለት ሰባት 14 ሲቀነስ 126» ይላል። ቁጥር እንደሚፈታና እንደሚገጠም ገብቶታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያግዛል። «አሥራ አምስት» ስንል አሥሩም አምስቱም ቃሉ ውስጥ ይሰማሉ። በእንግሊዝኛ የሚቆጥር ልጅ የ11ን እና የ12ን ስም እንዲሁ መያዝ አለበት፤ ውስጣቸው አሥር አይሰማም። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ፣ በአማርኛ መቁጠርን አትተዉት።

የልጆች የአእምሮ ስሌት ሥልጠና ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፍሬ እያንቀሳቀሱ የሚያሰሉበት መሣሪያ፣ አባከስ ነው። የጃፓኑ ዓይነት ሶሮባን ይባላል። በእንጨት ክፈፍ ውስጥ የተደረደሩ ዘንጎች አሉት። እያንዳንዱ ዘንግ ላይ ከላይ አንድ ፍሬ፣ ከታች አራት ፍሬ አለ። የላይኛዋ 5 ነች፤ የታችኞቹ እያንዳንዳቸው 1። ልጁ 7ን ለማሳየት የላይኛዋን ያወርዳል፣ ከታች ሁለት ይገፋል። አሁን 8 ይጨመርበት። ዘንጉ ላይ የሚበቃ ፍሬ የለም። ስምንት አሥር ለመሙላት ሁለት ይጎድለዋል። ስለዚህ በስተግራ ካለው የአሥር ዘንግ አንዲት ፍሬ ይገፋል፤ ከዚህኛው ሁለቱን ይመልሳል። 15 ሆነ።

ከብዙ ልምምድ በኋላ እንጨቱ ይነሳል። ልጁ ፍሬዎቹን በዓይነ ኅሊናው እያየ ያንቀሳቅሳል። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ቁጥር ሲጠሩላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ባዶው ጠረጴዛ ላይ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ። አንድ ቀን ለጨዋታ እጇን ያዝ አደረግኩት። ወዲያው ጠፋባት። «ፍሬዎቹን አፈሰስክብኝ!» አለችኝ።

ይሄ ሁሉ ልጅን «ጂኒየስ» ያደርጋል ወይ? ማስታወቂያዎች አዎ ይላሉ። በሕንድ ቫዶዳራ ከተማ ተመራማሪዎች 200 ያህል ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው ሦስት ዓመት ተከታትለዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። አባከስ የተማሩት በስሌት ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። የማስታወስና የማሰብ አቅማቸው ግን በሥልጠናው ምክንያት የተለየ አልሆነም። ለእኔ ይሄ ትልቅ ውጤት ነው። ስሌትን የማይፈራ ልጅ ማግኘት ብቻውን ይበቃል። ወላጅ ገንዘቡን ሲከፍል የሚገዛውን ነገር አውቆ ይክፈል።

ውድድሩም ሰፊ ነው። የአእምሮ ስሌት የዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2004 ጀርመን ውስጥ አናበርግ ከተማ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 እዚያው ጀርመን፣ ማግደቡርግ ላይ ያሸነፈችው ከሕንድ የመጣችው ፕሪያንሺ ሶማኒ ናት፤ 11 ዓመቷ ነበር። ባለ ስድስት አሃዝ የሆኑ የ10 ቁጥሮችን ስኩዌር ሩት በ6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሠርታለች። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቁጥሮች ስክሪን ላይ ብልጭ እያሉ የሚያልፉበት ፍላሽ አንዛን የሚባል ውድድር አለ። ታኬዎ ሳሳኖ እ.ኤ.አ. በ2012 በ1.70 ሰከንድ የታዩ 15 ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮችን ደምሮ መልሱን አገኘ። ቁጥሮቹን በድምፅ ለማንበብ እንኳ ጊዜው አይበቃም።

ይሄን ማየት ልጆችን ያነሳሳል። ግን ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ሰዓት ይዞ ፊት መቆም እኔ አልወደውም። የፈጠነው ይጨበጨብለታል፤ የዘገየው «ሒሳብ አልችልም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያንን ቃል ደግሞ ማስተው ከባድ ነው። ትንንሾቹ ከትናንት ውጤታቸው ጋር ቢወዳደሩ ይሻላል። «እንዴት አገኘኸው?» የሚል ጥያቄም ነጥብ ይኑረው።

ከዓለም ዋንጫው ፈተናዎች አንዱ ቀን ተጠርቶ የሳምንቱን ዕለት ማግኘት ነው። በእኛ አቆጣጠር ይሄ ለልጅ የተመቸ ጨዋታ ነው። ወራችን 30 ቀን ነው። 30 ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ቀን መዝለል ነው። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። ግንቦት 1ስ? ከመስከረም ስምንት ወር፣ በሁለት 16 ቀን። 14ቱ ሁለት ሙሉ ሳምንት ነው፣ ይጣላል። 2 ቀረ። ቅዳሜ።

የእህቴ ልጅ ይሄን በአንድ ከሰዓት ያዘችው። ማታ እራት ላይ ጉርሻዋን ይዛ ቆመች። «ጳጉሜንስ? እሷ እኮ አምስት ቀን ብቻ ናት» አለች። አልነገርኳትም። ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አሥራ ሁለት ወር፣ ሃያ አራት። አምስት ሲጨመር ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንቱን ጣለች።

«እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው!»