እጁ ተሰብሮ ስለ ሐሳቡ ለምን ይጠየቃል?

ልጅዎ ኳስ ሲጫወት እጁ ተሰብሮ አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት እንበል። ነርሷ «እስቲ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» ትላለች። ከዚያ ራሱን ስለማጥፋት አስቦ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ወላጅ ይደነግጣል፤ «ልጄን እብድ አሉት እንዴ?»

አላሉትም። ይህ «ስክሪኒንግ»፣ ማለትም ለሌላ ጉዳት የመጣ ልጅም የሚጠየቀው ቅድመ ልየታ ነው፤ በሽታ አለበት ብሎ መወሰን አይደለም። ኤ.ኤስ.ኪው የሚባለው መጠይቅ ለምሳሌ 4 አጫጭር ጥያቄዎች አሉት፤ 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ፣ ሐሳቡ አሁን በዚህ ሰዓት እንዳለበት የሚያጣራ 5ኛ ይከተላል። «አዎ» ማለቱ ግን የግድ ሆስፒታል ይተኛል ማለት አይደለም፤ ባለሙያ ጠለቅ ብሎ ያነጋግረዋል። መጠየቁም ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ይህ በጥናት ተፈትሿል። እርስዎን የሚያስወጡዎት ልጅ ወላጁ ፊት ሁሉን ስለማያወራ ነው። እኛ ቤትማ ጭራሽ! አደጋ ካለ ግን ይነገርዎታል።