ኤችዲ 80606 ቢ፦ ኮከቡን ሊነካ ደርሶ የሚመለሰው ፕላኔት

ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል። ኤችዲ 80606 ቢ ከእኛ 215 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ታላቁ ድብ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ የሚገኝ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። የሚዞረው ኮከብ ከፀሐያችን ጋር በጣም ይቀራረባል። ፕላኔቱ ግን ከእኛ ሰፈር ፕላኔቶች አንዱንም አይመስልም።

ክብደቱ የጁፒተርን 4 እጥፍ ይሆናል። 1,300 መሬቶች ገደማ ማለት ነው። ስፋቱ ግን ከጁፒተር ብዙም አይለይም። እንዲህ የከበደ ፕላኔት ላይ ጋዝ ቢጨመር በራሱ ስበት ይታመቃል እንጂ ያን ያህል አይሰፋም።

ጉዱ ያለው ምሕዋሩ ላይ ነው። አንድ ዙር 111 ቀን ይፈጅበታል። የመሬት ምሕዋር ክብ ሊባል ምንም አይቀረው፤ የዚህኛው ግን ከልክ በላይ የተለጠጠ ነው። ሲርቅ ከኮከቡ 130 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ ቬነስ ከፀሐይ ካላት ርቀት ይበልጣል። ሲቀርብስ? 4.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ! ሜርኩሪ እንኳ በጣም ቀረበች ስትባል 46 ሚሊዮን ላይ ናት። የሚያርፍበት ብርሃን ያኔ ከ800 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ፍጥነቱም በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የመሬት 30 ገደማ ነው። ስለዚህ እሳቱን በሰዓታት ውስጥ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜውን ሩቅ ቦታ እየተንቀራፈፈ ያሳልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ስፒትዘር የተባለው የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፕ ፕላኔቱ ወደ ኮከቡ ሲጠጋ ተከታተለው። በ6 ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ገደማ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ተተኮሰ። በእኔ አስተያየት፣ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ስላለ አየር ከተለኩት ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቅ ጥቂት ነው።

ምሕዋሩን ማን እንዲህ ለጠጠው? ዋናው ተጠርጣሪ ጎረቤቱ ኤችዲ 80607 ነው፤ ይህም ኮከብ ነው። ሩቅ ቢሆንም ስበቱ በረዥም ዘመን ምሕዋሩን ቀስ በቀስ ሳያዛባው አልቀረም።

ፕላኔቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በስበቱ ኮከቡን ሲያወዛውዘው ታይቶ ነው። በኮከቡ ፊት ማለፉ ግን የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ነበር። ከተመለከቱት መካከል የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙበታል። አንዱ እልፈት 12 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ብዙውን ጊዜ ከመካከሉ ይነጋል። ሙሉውን ለማየት በተለያየ አገር ያሉ ቴሌስኮፖች መቀባበል አለባቸው።