ሬፈር ጆንሰን፦ የሮሙ የዴካትሎን ባለድል

ሬፈር ጆንሰን በ1960 የሮም ኦሊምፒክ የዴካትሎን የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀ አሜሪካዊ አትሌት ነው፤ የዓለምንም ክብረ ወሰን ሦስት ጊዜ አሻሽሏል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዴካትሎን አንድ አትሌት በሁለት ቀን ውስጥ አራት ሩጫዎችን፣ ሦስት ዝላዮችንና ሦስት ውርወራዎችን የሚያከናውንበት፣ አሸናፊውም በየውድድሩ በሚያገኘው ደረጃ ሳይሆን ከሰዓቱ፣ ከርዝመቱና ከከፍታው ተሰልቶ በሚሰጠው የነጥብ ድምር የሚለይበት ስፖርት ነው። የጆንሰን ታላቅ ድል ያለዚህ ሕግ አይገባም።

በ1934 በቴክሳስ ግዛት ሂልስቦሮ ተወልዶ ያደገው በካሊፎርኒያዋ ትንሽ ከተማ ኪንግስበርግ ነው። ገና ተማሪ ሳለ የኦሊምፒክ ባለድሉ ቦብ ማቲያስ በአቅራቢያው በምትገኘው ቱላሬ ሲወዳደር ካየ በኋላ ዴካትሎንን የራሱ አደረገው። በ1955 በሜክሲኮ ሲቲ የፓን አሜሪካን ጨዋታዎች ወርቅ ወሰደ፣ በዚያው ዓመት በገዛ ከተማው የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ1956 ወደ ሜልበርን ኦሊምፒክ የሄደው ጉዳት ይዞ ስለነበር በአገሩ ልጅ በሚልት ካምቤል ተቀድሞ በብር ተመለሰ። በ1958 ግን ሞስኮ ላይ ሶቪየታዊውን ቫሲሊ ኩዝኔትሶቭን በሜዳው አሸንፎ ክብረ ወሰኑን አስመለሰ። በ1959 የመኪና አደጋ ጀርባውን ጎዳው፤ ይህም ሆኖ በቀጣዩ ዓመት በዩጂን 8,683 ነጥብ በማምጣት ለሦስተኛ ጊዜ ባለክብረ ወሰን ሆነ።

በሮም የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ቡድኑን እየመራ ወደ ስታዲየሙ የገባው እሱ ሲሆን፣ በኦሊምፒክ መክፈቻ ይህ ክብር ለጥቁር አሜሪካዊ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ብርቱ ተፎካካሪው የታይዋኑ ያንግ ቹዋን ክዋንግ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አብሮት የሚለማመድ ወዳጁ ነበር፤ አሠልጣኛቸውም አንድ ሰው፣ ኤልቪን ድሬክ ነው። ያንግ ከዐሥሩ ውድድሮች በሰባቱ ጆንሰንን በለጠው። ጆንሰን የቀደመው በሦስቱ ውርወራዎች ብቻ ቢሆንም፣ በአሎሎና በዲስከስ የነበረው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለነበር በድምሩ ይመራ ነበር። የመጨረሻው 1,500 ሜትር ሲደርስ ልዩነቱ 67 ነጥብ ነበር፤ ያንግ ወርቁን ለመውሰድ በ10 ሰከንድ ያህል መቅደም ነበረበት። ድሬክ ለያንግ ርቀህ ሂድ፣ ለጆንሰን ደግሞ ከኋላው አትለይ ብሎ ሁለቱንም በእኩል መከረ። ጆንሰን በሌሊቱ ሩጫ ጓደኛውን እንደ ጥላ ተከትሎ በ1.2 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ገባ፤ 4፡49.7 የሆነው ሰዓቱም በርቀቱ ከዚያ በፊት ከሮጠው ሁሉ የተሻለ ነበር። ውጤቱ 8,392 ለ8,334፣ የ58 ነጥብ ልዩነት ሆነ። እኛ ሮምን ከአራት ቀን በኋላ በባዶ እግሩ በሮጠው በአበበ ቢቂላ እናስታውሳት እንጂ፣ በዚያው ኦሊምፒክ ከታዩት ፉክክሮች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

ጆንሰን ከዚያ ምሽት በኋላ በዴካትሎን አልተወዳደረም። ያንግ ግን ቀጥሎ በ1963 ከ9,000 ነጥብ በላይ በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጆንሰን በ1968 በሴናተር ሮበርት ኬኔዲ የምርጫ ዘመቻ ተሳትፎ፣ ሴናተሩ በተተኮሰባቸው ሌሊት ተኳሹን ከያዙት ሰዎች አንዱ ነበር፤ በኋላም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የተቋቋመውን ስፔሻል ኦሊምፒክስን በካሊፎርኒያ ከመሠረቱት ጋር ሠራ። በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሲከፈት ችቦውን ከዝነኛው አሜሪካዊ ሯጭ ከጄሲ ኦወንስ የልጅ ልጅ ተቀብሎ፣ ረጅሙን ደረጃ ወጥቶ የኦሊምፒኩን እሳት የለኮሰው እሱ ነው። በታኅሣሥ 2020 በ86 ዓመቱ አረፈ።