የነጭ ደም ሴል ማነስ በጣና ዙሪያ

ባሕር ዳር ላይ የደም ውጤቱን ይዞ ከላቦራቶሪ የሚወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከነጭ የደም ሴል ቁጥሩ ጎን ባለችው ምልክት ላይ ነው። «ዝቅ ያለ» የምትል ከሆነች ይደነግጣል። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ቀይ ሥር ጨምቀህ ጠጣ ይላል፣ ሌላው ተልባ ያዝዛል። ቀይ ሥር ክፋት የለውም፤ ነጭ የደም ሴል ግን አይጨምርም። «ደም ማነስ» የምንለውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የቀዩ ነው።

በአብዛኛው የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የአዋቂ ሰው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ4,000 እስከ 11,000 ቢሆን ደህና ነው ይባላል። ከዚያ ወርዶ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ «ሥር የሰደደ» ይሆናል። ግን ድምሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው ከነጭ ሴሎቹ መካከል ባክቴሪያን የሚዋጋው ኒውትሮፊል ስንት ነው የሚለው ነው። ወረቀቱ ላይ 3.1 ካለ 3,100 ማለት ነው። ኒውትሮፊሉ 40 በመቶ ከሆነ 1,240 ይወጣል። ከ1,500 በታች ማነስ ነው፤ የሚያስፈራው ግን ከ500 በታች ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያለ ምንም ሕመም ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱ ከቀይ የደም ሴል ላይ ደፊ የሚባለው ምልክት በዘር አለመኖሩ ነው። የደም ሴል የሚመረትበት መቅኔያቸው ጤነኛ ነው፤ ሲታመሙም ሴሉ ለሥራው ይደርሳል። ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያንም ይኸው ታይቷል። ያው የደፊ አለመኖር ቫይቫክስ የተባለውን ወባ ይቋቋማል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። እንዲህ ላለ ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። የድሮ ውጤቱን አጥፎ ማስቀመጡ ግን ይጠቅመዋል፤ ከአምስት ዓመት በፊትም 3,200 ከነበረ ሐኪሙ ብዙ ምርመራ ይቀንስለታል።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ሐኪሙ አስተኝቶ በግራ ጎድን ሥር እጁን ያሳርፍና «በደንብ ተንፍስ» ይላል። ጣፊያን እየፈለገ ነው። ጣፊያ ሲያብጥ የደም ሴሎችን ይዞ ያስቀራል። ከጣና ውኃ ጋር ሲታገል ያደገ ሰው ቢልሃርዚያ ጉበቱን ጎድቶት ጣፊያው ሊያብጥ ይችላል። ሰሊጥ ለማረም መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ የመጣ፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈና የከሳ ከሆነ ደግሞ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላ አዛር ይጠረጠራል። ቆላ ያልወረደም ነፃ አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. ከሐይቁ በስተምሥራቅ ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ተነሥቶ ነበር። ካላ አዛር ሳይታከም ይገድላል፤ ሲታከም ግን ቁጥሩም ይመለሳል።

ኤች አይ ቪም አይዘለልም። ወባና ታይፎይድም ያወርዳሉ፣ ግን ለጊዜው ነው። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አለ፤ ጾም ሲነሣ ሁሉም በእሱ ያመካኛል፣ ነገር ግን ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች የአንድ ሁዳዴ ጾም ብቻውን እዚህ አያደርስም። መድኃኒትም ይጠየቃል። በተለይ ሆርሞን ለሚያበዛ እንቅርት የሚሰጠው ፒቲዩ አልፎ አልፎ ኒውትሮፊልን ድንገት ያጠፋል። የሚወስድ ሰው ጉሮሮው ካቃጠለውና ካተኮሰው ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ደሙን ያስቆጥር።

ምርመራው የሚጀምረው ቆጠራውን በመድገም ነው። ከዚያ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀይ ሴሉና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌቱም አብረው ከወረዱ፣ ወይም ያልበሰሉ ሴሎች ከታዩ፣ ከመቅኔ ናሙና ይወሰዳል። መርፌው ከዳሌ አጥንት ነው የሚገባው፤ ቦታው ይደነዝዛል፣ ሲሳብ ግን ያማል፣ መዋሸት አያስፈልግም።

ሕክምናው ምክንያቱን ማከም ነው። ሴሉን የሚያነሣው ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ በዋናነት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱና በጣም ለወረደባቸው ነው። እነሱ ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ይተዋሉ። ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባቸው፤ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር ቶሎ መጀመር አለበት። ደቅ ደሴት ላይ ላለ ሰው ይህ የጀልባ ጉዳይም ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በሚወርድበት፣ ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ፣ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ቢሰነብት ይሻላል።