የአውሮፓ ኅብረት የንግድ ፖሊሲ ኮሚቴ

የንግድ ፖሊሲ ኮሚቴ 27ቱ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ወደ ዓለም አቀፍ የንግድ ድርድር ከመግባታቸው በፊት፣ በድርድሩም ሂደት፣ አቋማቸውን የሚያስማሙበት የኅብረቱ ምክር ቤት፣ ማለትም የአገሮቹ ሚኒስትሮች የሚወስኑበት ጉባኤ፣ አካል ነው። የሚደራደረው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን ነው፤ ኮሚቴው ይመክረዋል፣ ይከታተለዋል። በጋዜጣ ስሙ ብዙም አይነሳም፤ ሥራው ግን ከብዙ የሚኒስትሮች ስብሰባ ይበልጣል።

መሠረቱ በ1957 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮም ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 113 ስለሆነ ለዓመታት «113 ኮሚቴ» ሲባል ኖሯል። የአምስተርዳም ውል በ1999 ሲጸና 133 ሆነ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ከሊዝበን ውል በኋላ፣ ከታኅሣሥ 2009 ጀምሮ ነው።

ከየዋና ከተማው የሚመጡት ዋና አባላት በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ብራስልስ የተቀመጡት ምክትሎች ግን ባብዛኛው ዓርብ ዓርብ ይገናኛሉ፤ ዝርዝሩ የሚፈተሸው እዚያ ነው። ሊቀ መንበሩ በየስድስት ወሩ ተራ ከሚደርሰው አገር ነው።

ድርድር የሚጀመረው ኮሚሽኑ የፈቃድ ጥያቄና ረቂቅ የድርድር መመሪያ ሲያቀርብ ነው። ኮሚቴው ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ያርመዋል፤ ከዚያ የአባል አገሮቹ አምባሳደሮች በሚቀመጡበት በቋሚ ተወካዮች ኮሚቴ በኩል ለሚኒስትሮች ይቀርባል። ደንቡ ብቁ አብላጫ ድምፅ ነው፦ 65 ከመቶ ሕዝብ የያዙ 15 አገሮች። ለማገድ ቢያንስ አራት አገሮችና ከ35 ከመቶ በላይ ሕዝብ ያስፈልጋል። ኮሚቴው ራሱ ድምፅ የሚሰጠው ከስንት አንዴ ነው። ሊቀ መንበሩ ተናጋሪዎቹን እየሰማ ሂሳቡን በልቡ ይይዛል፤ ዝም ያለ አገር እንደተስማማ ይቆጠራል። ስለዚህ በረቂቁ ጊዜ ያልተናገረ ልዑክ፣ ሚኒስትሩ በመጨረሻ ሰዓት ቢያነሳው ሰሚ አያገኝም።

አንዳንድ ጉዳይ ግን የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል፤ የባህል ብዝኃነትን የሚነኩ የፊልምና የብሮድካስት አገልግሎቶች አንዱ ናቸው። ፈረንሳይ በሰኔ 2013 ከአሜሪካ ጋር ለሚደረገው ድርድር በወጣው መመሪያ እነዚህን ያስወጣችው በዚሁ ጉልበት ነው። መመሪያው አስቀድሞ ሾልኮ ስለነበር በጥቅምት 2014 በይፋ ታተመ። በመመሪያው የተቀመጠውን ገደብ ተቃራኒው ወገን ካወቀ ደግሞ የተደራዳሪው እጅ ይታሰራል።

ትልቁ ፈተና የኡራጓይ ዙር በተባለው የዓለም ንግድ ድርድር የመጣው ነው። በኅዳር 1992 ኮሚሽኑ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሌር ሃውስ ከአሜሪካ ጋር ተስማምቶ፣ በድጎማ የሚላከው የእህልና የሌላ ምርት መጠን በ6 ዓመት 21 ከመቶ እንዲቀንስ ተቀበለ። ፈረንሳይ ኮሚሽኑ ከተሰጠው ሥልጣን አልፏል አለች፤ ኮሚሽኑ አልተቀበለም። በመስከረም 1993 የውጭ ጉዳይ፣ የንግድና የግብርና ሚኒስትሮች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ ስምምነቱ ሳይፈርስ «ማብራሪያ» እንዲጠየቅበት ወሰኑ። ዙሩ በታኅሣሥ 15, 1993 ተዘጋ።

ኮሚቴው ቢስማማም ከፊሉ በአባል አገሮች ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ስምምነት የእያንዳንዱን አገር ማጽደቅ ይፈልጋል። በጥቅምት 2016 የቤልጂግ ክፍል የሆነችው ዋሎኒያ የካናዳን ስምምነት ፊርማ ያዘገየችው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ሁሉም የንግድ ጉዳይ እዚህ አይመጣም። የኢትዮጵያ ቡናና አበባ ያለቀረጥ የሚገባበት፣ ከመሣሪያ በቀር ሁሉንም የሚፈቅደው ሥርዓት ኅብረቱ ብቻውን የሚያወጣው ሕግ እንጂ የድርድር ውጤት አይደለም። ከተገቢው ዋጋ በታች በሚሸጥ ዕቃ ላይ የሚጣለው የዋጋ ማርከሻ ቀረጥና የፀረ ድጎማ ቀረጥም ሌላ ኮሚቴ አላቸው፤ ሂሳቡም ይገለበጣል፦ ለማስቆም ብቁ አብላጫ ተቃውሞ ያስፈልጋል። በጥቅምት 2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የቀረበው ቀረጥ 10 አገሮች ደግፈውት፣ 5 ተቃውመውት፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አድርገውበት ያለፈው ለዚህ ነው።