ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የአገርንስ?

ትዕግሥት የተባለች ልጅ እውነትም ታጋሽ ሆና ስታድግ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ስሙ የወጣው በወላጅ አፍ ነው። ያቀበለው ግን የልጁን ነገ የሚያውቅ ነው ማለታችን ነው።

አባባሉን ስሰማ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ይመጣብኛል። ገብርኤል ዘካርያስን «ስሙንም ዮሐንስ ትለዋለህ» ይለዋል። ሕፃኑ ሲወለድ ግን ጎረቤትና ዘመድ በአባቱ ስም ካልጠራነው አለ። ኤልሳቤጥ እምቢ ብትል አልሰሟትም፤ ወደ አባትየው ዞሩ። ዘካርያስ አንደበቱ ተዘግቷል። ብራና ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

የአገር ስም ሲነሳ ያቺ ብራና ትዝ ትለኛለች። አገርን በውጭ ቋንቋ ስም የሚያወጣላት ብዙ ጊዜ ጎረቤትና ነጋዴ ነው። ጀርመኖች አገራቸውን ዶይችላንድ፣ ፊንላንዶች ሱኦሚ ይላሉ። ሌላው ዓለም በሌላ ስም ቢጠራቸውም ብዙም አልከፋቸው።

የቱርክ ግን ይለያል። ሪፐብሊኩ እ.ኤ.አ. በ1923 ሲመሠረት በራሱ ቋንቋ ቱርኪዬ ነው። እንግሊዝኛው «ተርኪ» ይለዋል፤ አሜሪካኖች በምስጋና ቀን የሚበሉት ትልቁ ወፍም ስሙ ይኸው ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው የመጀመሪያዋ ትልቅ ፊደል ብቻ ናት። ይባስ ብሎ ቃሉ የከሸፈ ፊልምና ቴአትርም መጠሪያ ነው። ወፉ እኮ የአሜሪካ ነው! እንግሊዞች በቱርክ ነጋዴዎች በኩል ከሚያውቁት ጅግራ ጋር አምታተውት ነው። ቱርኮች ራሳቸው ደግሞ «ሂንዲ» ይሉታል፤ ከህንድ የመጣ ለማለት።

መንግሥታቸውም ብራናውን አነሳ። በ2021 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ላይ «በቱርኪዬ የተሠራ» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዙ። በጁን 2022 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ለተባበሩት መንግሥታት ደረሰ፤ ድርጅቱም የአገሪቱን ስም ወዲያው ቀየረ።

በአማርኛ «ቱርክ» ስንል ወፍ የሚያስብ የለም፤ ስለዚህ እኛ ጋ መቀየሩ ግድ አይመስለኝም። በእንግሊዝኛ ስጽፍ ግን ቱርኪዬ (Türkiye) እላለሁ። ባለ ሁለት ነጥቧ ፊደል እንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ የለችም። ከሌላ ቦታ ኮፒ አድርጌ አስገባታለሁ።